ቁስሉ ድኖ ህመሙ ለምን ይቀራል?

የዛሬው ጽሑፍ ትንሽ ረዘም ይላል፤ ቡናችሁን ያዙና በእርጋታ አንብቡት።

በውስጥ መስመር በብዛት ከሚደርሱኝ ጥያቄዎች አንዱ ይሄ ነው፦ «ዶክተር፣ ምርመራው ሁሉ ደህና ነው ይሉኛል፤ እኔ ግን ያመኛል። ማስታገሻውም አልሰራልኝም። ምን ይሻለኛል?» የመልሱ ትልቁ ክፍል ያለው በጀርባ አጥንታችን ውስጥ ነው። ወደሱ ከመግባቴ በፊት ግን እኔ ራሴ የተሳሳትኩበትን አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። (ታካሚዋ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገሮችን ቀይሬያለሁ።)

ከጥቂት ዓመታት በፊት አንዲት የ68 ዓመት እናት ከሴት ልጃቸው ጋር መጡ። ከሁለት ወር በፊት በግራ ጎናቸው አልማዝ ባለጭራ ወጥቶባቸው ነበር። ቆዳቸውን አየሁት። ውሃ የቋጠረው ሁሉ ደርቆ፣ ቅርፊቱ ረግፎ ጠባሳ ብቻ ቀርቷል።

«እማማ፣ ይሄ እኮ ድኗል» አልኳቸው።

«ልጄ፣ ላይ ላዩን አትየው» አሉኝ። «ነጠላዬ ሲነካኝ እሳት ነው። ሌሊት ልብስ መደረብ አልቻልኩም።»

ቀኑ ወረፋ የበዛበት ነበር። ዳይክሎፌናክ ጻፍኩላቸውና «ቀስ እያለ ይተውዎታል» ብዬ ሸኘኋቸው።

ከአራት ወር በኋላ ተመልሰው መጡ። እግራቸው አብጧል፣ ደም ግፊታቸው ጨምሯል፣ በደም ምርመራቸው የኩላሊት ልኬታቸው (ክሬቲኒን) ከፍ ብሏል። ለካ ያቺን የኔን ማዘዣ ይዘው ከፋርማሲ ፋርማሲ እየገዙ በየቀኑ ሲወስዱ ኖረዋል። ሲብስባቸው ደግሞ ሁለት ሦስት እያደረጉ። ህመሙ ግን ያው ነው። ልጃቸው ለብቻዬ ጠርታኝ «ዶክተር፣ ሰው ሁሉ አእምሮዋ ነው የሚያስባት ይላል። እውነት ነው እንዴ?» አለችኝ።

እውነት አይደለም። ለምን እንዳልሆነ በደንብ እንየው።

1. የህመም መልእክት እንዴት ይጓዛል?

የጋለ ምጣድ በስህተት ነክታችሁ ታውቁ ይሆናል። መጀመሪያ ብልጭ የሚል ስለታም ህመም ይሰማችኋል። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ የሚያቃጥልና ቶሎ የማይለቅ ሌላ ህመም ይከተላል። ሁለቱ የሚመጡት በተለያየ የነርቭ ክር ነው። ፈጣኑ በሰከንድ ከ5 እስከ 30 ሜትር ይጓዛል፤ ዘገምተኛው በሰከንድ ከግማሽ እስከ 2 ሜትር ገደማ ብቻ ነው።

ሁለቱም ግን በቀጥታ አንጎል ድረስ አይሄዱም። የመጀመሪያ ፌርማታቸው ህብለ ሰረሰር ነው፤ ማለትም በጀርባ አጥንታችን መሃል የሚያልፈው የነርቭ ገመድ። በዚህ ገመድ ውስጥ ወደ ጀርባ በኩል ህመምን ተቀብለው ወደ አንጎል የሚያሳልፉ የነርቭ ሴሎች አሉ። የዛሬ ጨዋታችን ስለነሱ ነው።

የነርቩ ክር እዚህ ሲደርስ ከሴሉ ጋር አይገናኝም። በመሃላቸው እጅግ ጠባብ ክፍተት አለ። ይህንን ክፍተት የሚሻገረው ኬሚካል ነው። ስለዚህ ህመማችን እንዲጨምርም ሆነ እንዲቀንስ ማድረግ የሚቻለው እዚህች ክፍተት ላይ ነው ማለት ነው።

2. ዘበኛው ሴል

ይህንን ሴል እንደ ግቢ ዘበኛ አስቡት። ጥሩ ዘበኛ ኮሽ ባለ ቁጥር ባለቤቱን አይቀሰቅስም። ንፋስ ነው፣ ድመት ናት ብሎ የሚያልፈው አለ። ሌባ ሲሆን ግን ይጮሃል።

ሴሉም እንዲሁ ነው። እረፍት ላይ ሲሆን ውስጡ ከውጪው ሲነጻጸር ከዜሮ በታች 70 ሚሊቮልት አካባቢ ነው። ይህ ቁጥር ከዜሮ በታች 55 አካባቢ ሲደርስ ሴሉ ይተኩሳል፤ ማለትም መልእክቱን ወደ አንጎል ይልካል። በመሃል ያለችው ልዩነት እንግዲህ 15 ሚሊቮልት ገደማ ብትሆን ነው። ኬሚካሎቹ የሚሠሩት በዚህች ልዩነት ላይ ነው። አንዳንዱ ሴሉን ወደ መተኮሱ ያስጠጋዋል፣ ሌላው ያርቀዋል።

የሚቀሰቅሱት፦

• ግሉታሜት፦ ዋናው መልእክተኛ ነው። ሴሉ ላይ ያሉትን ትናንሽ በሮች ከፍቶ ሶዲየም ወደ ውስጥ እንዲገባ ያደርጋል። ሴሉም ይነቃል።
• ሰብስታንስ ፒ፦ እ.ኤ.አ. በ1931 የተገኘ ነው። ህመሙ ሲበረታ ከግሉታሜት ጋር አብሮ ይለቀቃል። ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ውጤቱ ግን ረዘም ይላል።

የሚያረጋጉት፦

• ጋባ እና ግላይሲን፦ እዚያው ህብለ ሰረሰር ውስጥ ያሉ ፍሬኖች ናቸው።
• ኤንኬፋሊን፦ ሰውነታችን ራሱ የሚሠራው ሞርፊን መሰል ኬሚካል ነው። የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው።
• ኖርአድሬናሊን፦ ከአንጎል ግንድ በሚወርዱ ነርቮች የሚመጣ ነው። «አሁን ዝም በል» የሚል የባለቤቱ ትእዛዝ እንደማለት።

የፍሬኑን ጥቅም ለመረዳት መንጋጋ ቆልፍን (ቴታነስ) አስታውሱ። የባክቴሪያው መርዝ ህብለ ሰረሰር ገብቶ ጋባ እና ግላይሲን እንዳይለቀቁ ያግዳል። መርዙ የሚያጠቃው በተለይ የእንቅስቃሴ ሴሎችን የሚቆጣጠረውን ፍሬን ነው። ለዚህ ነው ታማሚው በትንሽ ድምፅ ወይም ንክኪ መላ አካሉ የሚገተረው። አዲስ ቀስቃሽ ሳይጨመር ፍሬኑ ብቻ ሲበጠስ ይህን ያህል ያደርጋል።

ልጅ ወድቆ ሲያለቅስ እናቱ የተመታውን ቦታ እሽት እሽት ታደርግለታለች አይደል? ያም የራሱ ሳይንስ አለው። ሮናልድ ሜልዛክ እና ፓትሪክ ዎል የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1965 ህብለ ሰረሰር ላይ የህመም «በር» እንዳለ ጽፈዋል። በሐሳባቸው መሠረት የመዳሰስ ስሜት የሚያመጡት ነርቮች በሩን ገርበብ ያደርጉታል። ዝርዝሩ ከዚያ ወዲህ ብዙ ቢስተካከልም ዋናው ሐሳብ አልተሻረም፤ ህመም ህብለ ሰረሰር ላይ ሊጨመርም ሊቀነስም ይችላል።

3. እባብ ያየ በልጥ በረየ

አሁን ወደ ዋናው ነገር መጣን። ዘበኛው አንድ ሌሊት ክፉኛ ተዘረፈ እንበል። ከዚያ በኋላ ድመት ስታልፍም ይጮሃል። ሌባው ከሄደ ወራት አልፈዋል፣ እሱ ግን አልተረጋጋም። ህብለ ሰረሰር ላይ የሚሆነውም ይሄው ነው፤ በኬሚካል ቋንቋ ደረጃ በደረጃ ልንገራችሁ።

ሴሉ ላይ ኤንኤምዲኤ የሚባል ሌላ ዓይነት የግሉታሜት በር አለ። በሰላሙ ጊዜ ይህ በር በማግኒዚየም ተወትፏል። ህመሙ ከበረታና ካልቋረጠ ግን ሴሉ ደጋግሞ ስለሚነቃ ውታፉ ይወጣል። በዚያ በር ካልሲየም ይገባል። ካልሲየሙ ደግሞ ሴሉ ውስጥ ያሉ ኢንዛይሞችን ያስነሳል፤ እነሱም ያሉትን በሮች ይበልጥ ስሱ ያደርጋሉ፣ አዳዲስ በሮችም ወደ ሴሉ ገጽ እንዲወጡ ያደርጋሉ። ትናንት በ15 ሚሊቮልት ይነቃ የነበረ ሴል ዛሬ በትንሽ ግፊት ይተኩሳል።

በዚህ ላይ ፍሬኑም ይላላል። ሰውነት ሲቆጣ ህብለ ሰረሰር ውስጥ የሚመረተው ፕሮስታግላንዲን የግላይሲንን ሥራ ያዳክማል። ነርቭ ሲጎዳ ደግሞ ማይክሮግሊያ የሚባሉት የነርቭ ሥርዓቱ ጠባቂ ሴሎች ተነሥተው በሚለቁት ኬሚካል የጋባን የማረጋጋት አቅም ይቀንሱታል። ቀስቃሹ በዝቶ፣ ፍሬኑ ላልቶ ማለት ነው።

ክሊፎርድ ዎልፍ የተባለ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1983 በአይጦች ላይ ባደረገው ጥናት ከጉዳት በኋላ የሚመጣው የህመም መባባስ ከቁስሉ ብቻ እንዳልሆነ፣ ህብለ ሰረሰሩ ራሱ እንደሚለወጥ አሳይቷል። ዛሬ ይህንን «ሴንትራል ሴንሲታይዜሽን» እንለዋለን። በሰው ላይ ሦስት መልክ ይዞ ይታያል፦

• የማያም ነገር ማመም ይጀምራል። ነጠላ፣ አንሶላ፣ ካልሲ።
• ትንሽ የሚያመው በጣም ያማል።
• ህመሙ ካልተጎዳው አካባቢም ይሰማል።

እንግዲህ የኒያን እናት ነጠላ አስታውሱ። የአልማዝ ባለጭራ ቫይረስ ነርቩን ጎድቶታል። የተጎዳው ነርቭ ለሳምንታት ያለማቋረጥ ሲያንኳኳ ህብለ ሰረሰራቸው ላይ ያለው ዘበኛ ተለወጠ። ቆዳው ዳነ፣ ዘበኛው ግን እንደተሸበረ ቀረ። አእምሯቸው የፈጠረው ነገር አልነበረም። እኔ ቆዳ ላይ ስፈልግ ህመሙ ሌላ ቦታ ነበር ያለው።

ተመሳሳይ ነገር የስኳር ህመም እግራቸውን በሚያቃጥላቸው፣ የወገብ ዲስክ ነርቭ በተጫነባቸው፣ ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው ጠባሳው ለወራት በሚያማቸው ሰዎችም ላይ ይታያል።

4. ታዲያ መድኃኒቶቹ የት ጋ ነው የሚሠሩት?

ይህ ክፍል የኔን ስህተት ግልጽ ያደርግላችኋል።

ዳይክሎፌናክ፣ አይቡፕሮፌን እና መሰሎቻቸው፦ የፕሮስታግላንዲንን ምርት ይቀንሳሉ። ስለዚህ ሰውነት ለተቆጣበት ህመም ጥሩ ናቸው፤ ለወለምታ፣ ለጥርስ፣ ለወር አበባ። ህመሙ የተጎዳ ነርቭና የተለወጠ ህብለ ሰረሰር ሲሆን ግን ዋናው ችግር ፕሮስታግላንዲን አይደለም። መጠኑን እጥፍ ብታደርጉት የሚጨምረው ጉዳቱ ነው። ጨጓራ ያደማል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ኩላሊት ይጎዳል። በተለይ በእድሜ ለገፉ፣ ግፊት፣ የልብ ወይም የኩላሊት ህመም ላለባቸው፣ እንዲሁም ለነፍሰ ጡሮች አደገኛ ነው።

ጋባፔንቲን እና ፕሪጋባሊን፦ ስማቸው ጋባን ቢመስልም የሚሠሩት ጋባ ላይ አይደለም። የነርቩ ክር ጫፍ ላይ ባለው የካልሲየም በር አንድ ክፍል ላይ ተጣብቀው የሚለቀቀውን ግሉታሜት ይቀንሳሉ። አንኳኳዩን ያደክሙታል ማለት ነው። እንቅልፍና ማዞር ያመጣሉ። የኩላሊት ችግር ላለበት ሰው መጠናቸው መቀነስ አለበት፤ በድንገትም አይቆሙም።

አሚትሪፕቲሊን እና ዱሎክሴቲን፦ ብዙ ታካሚዎቼ ወረቀቱን ሲያነቡ «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው፤ እብድ ነው ያልከኝ?» ብለው ይቆጣሉ። አይደለም! ከአንጎል ግንድ የሚወርደው ኖርአድሬናሊን ቶሎ እንዳይጠፋ ያደርጋሉ፤ ፍሬኑን ያጠነክራሉ። ለህመም የሚሰጠው የአሚትሪፕቲሊን መጠን ብዙ ጊዜ ለድብርት ከሚሰጠው ያነሰ ነው። ቶሎ አይሠሩም፤ ሳምንታት ይፈልጋሉ። የልብ ምት ችግር፣ ግላኮማ ወይም የሽንት መከልከል ካለባችሁ ለሐኪማችሁ ሳትናገሩ አሚትሪፕቲሊን እንዳትጀምሩ።

ሞርፊን፦ ሁለት ቦታ ይሠራል። ከነርቩ ጫፍ ኬሚካሉ እንዳይለቀቅ ያግዳል፤ ሴሉ ላይ ደግሞ የፖታሲየም በር ከፍቶ ሴሉን ከመተኮሱ ያርቀዋል። ለካንሰር ህመምና ለከባድ ጉዳት የማይተካ ነው። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ ግን ሰውነት ይለምደዋል።

ትራማዶል፦ ግማሽ ባህሪው እንደ ሞርፊን፣ ግማሹ እንደ አሚትሪፕቲሊን ነው። «ቀላል ማስታገሻ» እየተባለ ከጓደኛ የሚቀበሉት ነገር አይደለም። ሱስ ያስይዛል፣ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ከድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደባለቅም አደገኛ ነው።

የወገብ ማደንዘዣ፦ በቀዶ ጥገና የወለዳችሁ እናቶች ታውቁታላችሁ። በወገባችሁ የሚሰጠው መድኃኒት (ብዙ ጊዜ ቡፒቫኬይን) የነርቮቹን የሶዲየም በር ይዘጋል። በሩ ሲዘጋ ነርቩ መልእክት መላክ አይችልም። ኦገስት ቢየር የተባለ ጀርመናዊ ሐኪም በዚህ መንገድ የመጀመሪያውን ቀዶ ጥገና ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1898 ነው፤ ያኔ የተጠቀመው ኮኬይን ነበር። መድኃኒቱ ሲያልቅ በሩ ተመልሶ ይከፈታል። ሴሉ አይሞትም።

ኬታሚን፦ ቅድም ያልኳችሁን የኤንኤምዲኤ በር ይዘጋል። በሐኪም ቁጥጥር ሥር ብቻ የሚሰጥ ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። በባሕር ውስጥ የሚኖር ኮነስ ማገስ የሚባል መርዘኛ ቀንድ አውጣ አለ፤ ዓሣ የሚያድነው በመርዙ ነው። ከዚያ መርዝ አንዱ ንጥረ ነገር የነርቩን ጫፍ የካልሲየም በር ይዘጋል። በላቦራቶሪ የተሠራው ቅጂው ዚኮኖታይድ ይባላል፤ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2004 ተፈቅዶ በቀጥታ ህብለ ሰረሰር ዙሪያ ባለው ፈሳሽ ውስጥ ይሰጣል። ዓሣ ላይ መርዝ የሆነው፣ በትክክለኛው ቦታና መጠን ሲሰጥ ለሰው ማስታገሻ ሆነ።

5. እና እኛ ምን እናድርግ?

• ህመማችሁን በትክክል ግለጹ። «ያመኛል» ብቻ አትበሉ። ያቃጥላል? እንደ ኤሌክትሪክ ይነዝራል? እንደ መርፌ ይወጋል? ይደነዝዛል? ልብስ ሲነካው ይብሳል? እነዚህ ቃላት ሐኪሙን ወደ ነርቭ ህመም ይመሩታል።
• በመጀመሪያው ማዘዣ እየደጋገማችሁ ማስታገሻ አትግዙ። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከአንድ ሳምንት በላይ ካስፈለጋችሁ ወይም እየጨመራችሁ ከሆነ ተመልሳችሁ ታዩ።
• ሁለት ዓይነት ማስታገሻ በራሳችሁ አትደባልቁ። ዳይክሎፌናክ እና አይቡፕሮፌን አንድ ቤተሰብ ናቸው፤ አብሮ መውሰድ ጉዳቱን እንጂ ጥቅሙን አይጨምርም።
• አልማዝ ባለጭራ ሲወጣባችሁ ቶሎ ታከሙ። የቫይረሱ መድኃኒት የሚመረጠው ሽፍታው በወጣ በ72 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው።
• ስኳር ያለባችሁ ስኳራችሁን ተቆጣጠሩ፣ እግራችሁን በየቀኑ እዩ። ሜትፎርሚን ለዓመታት የምትወስዱ ከሆነ የቫይታሚን ቢ12 መጠናችሁን ስለመለካት ጠይቁ፤ እጥረቱ ነርቭ ይጎዳል።
• እንቅልፍና እንቅስቃሴ ቀላል ነገር አይደሉም። እንቅልፍ ማጣትና ጭንቀት ከላይ የሚወርደውን ፍሬን ያላላሉ፤ ቀስ እያለ የሚጨምር እንቅስቃሴ ደግሞ ያግዘዋል። ይህ «አእምሮህ ነው» ማለት አይደለም፤ አንጎልና ህብለ ሰረሰር በኬሚካል የሚነጋገሩ ስለሆኑ ነው።
• ነርቭ መድኃኒት ጀምራችሁ በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብላችሁ አትተዉት። ጊዜ ስጡት፣ ካልተስማማችሁ ደግሞ በራሳችሁ ከማቆም ይልቅ ለሐኪማችሁ ተናገሩ።

በፍጥነት ወደ ሆስፒታል መሄድ ያለባችሁ፦ የወገብ ህመም ይዟችሁ ሽንት ወይም ሰገራ መቆጣጠር ካቃታችሁ ወይም ሽንት ከተከለከላችሁ፣ በመቀመጫችሁና በብልት አካባቢ ከደነዘዛችሁ፣ እግራችሁ እየሰነፈ ከሄደ፣ ወይም ከትኩሳት ጋር ከሆነ ነገ ዛሬ አትበሉ።

እኒያ እናትስ?

ዳይክሎፌናኩን አቆምን። ለኩላሊታቸው የሚመጥን ትንሽ የጋባፔንቲን መጠን ጀመርንላቸው፣ በየጊዜው እየለካን። ክሬቲኒናቸው ወረደ፤ ወደ ድሮው ግን ሙሉ በሙሉ አልተመለሰም። ይህንን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

ከስድስት ሳምንት በኋላ ሲመጡ ነጠላቸውን በግራ ትከሻቸው አጣፍተው ነበር። «ጨርሶ አልለቀቀኝም፤ ግን እተኛለሁ» አሉኝ። ልጃቸው አጠገባቸው ተቀምጣ ሳለ ነገሩን ከላይ እንደጻፍኩላችሁ አስረዳኋቸው። ያኔ በደንብ ሳልሰማቸው ስለሸኘኋቸውም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

«አይ ልጄ፣ ምን ታደርግ፣ ወረፋው ብዙ ነበር» አሉ። ከዚያ ትንሽ ዝም ብለው፦ «ሌላው ላይ ግን እንዳትደግመው።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ቁስሉ ድኖ ያመኛል የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የምጠይቀው «ልብስ ሲነካዎት እንዴት ነው?» ብዬ ነው። እናንተም ቤታችሁ ውስጥ «ድኗል» ተብሎ የሚያለቅስ ሰው ካለ፣ በእናንተ ዓይን አለመታየቱ ህመሙን ውሸት አያደርገውምና እመኑት፣ ይዛችሁትም ወደ ሐኪም ሂዱ።

ይህ ጽሑፍ ለግንዛቤ ነው፤ የሐኪም ምርመራን አይተካም። የሚጠቅመው ሰው ካወቃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ያላችሁ ከታች ጻፉልኝ፤ አቅሜ በፈቀደ እመልሳለሁ።

መልካም ጤና!